የከፋይ ሶፋ ሁለት ዳኞች

በቤይሩት ከተማ ስለ አንድ ሶፋ ደግነትና ክፋት የሚመሰክሩ ሁለት ወገኖች አሉ፤ አንደኛው ወገን ተቀምጦበት የሚመሰክር ሲሆን ሁለተኛው ወገን ተንበርክኮለት የሚመሰክር ነው። በመጀመሪያው ወገን ባለቤቱ፣ እንግዳውና የእንግዳው ዘመዶች ይገኛሉ፤ እነርሱም ስለ ድሎቱ፣ ስለ ልስላሴውና ስለ ኅብረ ቀለሙ ይናገራሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከወሎ ወይም ከጎንደር፣ ከአርሲ ወይም ከጅማ ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ብሩሽ በቀኝ እጇ ይዛ በጉልበቷ እየሄደች ከአዝራር ወደ አዝራር የምትሳለም የአገራችን ልጅ ናት። የሚያስደንቀው ነገር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሳሎን ውስጥ ሲወጡና ሲገቡ እየኖሩ አንዱ የሌላውን ምስክርነት ሰምቶ አለማወቁ ነው፤ ስለዚህም በዚህ ከተማ ስለ ከፋይ ሶፋ እስከ ዛሬ የተፈረደው ፍርድ ሁሉ አንዱ ባለጉዳይ በሌለበት የተፈረደ ስለ ሆነ፣ ይግባኝ ሊባልበት ይገባል ባይ ነኝ።

የምናገርለት ሶፋ እንዲሁ ሶፋ የተባለው ሁሉ አይደለም። ጀርባው በአዝራር እየተወጋ በአልማዝ ቅርጽ የተከፋፈለ፣ በአዝራሮቹም መካከል እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ፣ ከላይ እስከ ታች ከፋይ የለበሰ፣ እግሩ ወርቅ የተቀባ፣ የአገሩ ሰዎች በፈረንሳይኛ ስሙ ካፒቶኔ የሚሉት ነው። ይህ አሠራር በፈረንሳይ የገነነው ከ1852 እስከ 1870 (እዚህ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በነገሠው በሦስተኛው ናፖሌዎን ዘመን ሲሆን፣ የብረት ሞላ ወደ ወንበር ሆድ ከገባ ወዲህ፣ በላዩ የተደለደለው የፈረስ ጭራ የሰው ክብደት ባረፈበት ቍጥር ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሽ፣ በክር ወግቶ ከጀርባው ጋራ ጠፍሮ መያዝ አስፈላጊ ነበር። አዝራሩ እንግዲህ በመጀመሪያ የእስረኛ ሰንሰለት ነበረ፤ ጌጥ ተብሎ የተሾመው በኋላ ነው። በቤይሩትም ሐር በመነገድ የከበሩት የአሽራፊዬ ቤተ ሰቦች የአውሮፓን ዕቃ ገና በቱርክ ዘመን ማስመጣት ጀምረው ነበር፤ ከ1920 እስከ 1943 ፈረንሳይ በሞግዚትነት አገሩን ስትገዛ ደግሞ የሳሎኑ ሥርዐት ጸና። ዛሬ ከአውሮፓ የሚመጣ ብዙ አይደለም፤ የትሪፖሊ አናጢዎች እዚያው ሊባኖስ ውስጥ ይጠርቡታል፤ ያረጀውም በባስታ ሰፈር አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ወገቡ ተጠግኖ፣ ዕድሜው በመቶ ዓመት ተጨምሮለት ይሸጣል።

ነገሩን ከሥሩ ካነሣነው ግን የሊባኖስ መቀመጫ ከናፖሌዎንም ይቀድማል። ንጉሥ ሰሎሞን ከሊባኖስ እንጨት መሸከሚያ አሠርቶ ዐምዱን ብር፣ መደገፊያውን ወርቅ፣ መቀመጫውን ሐምራዊ ግምጃ እንዳደረገው በማኅልየ ማኅልይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሐምራዊውም ቀለም ከዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጢሮስና ከሲዶና፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ ተጨምቆ ይወጣ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በሲዶና ቅርፊቱ ብቻ ተከምሮ ኰረብታ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ሁሉ ጌጥ ማን ይቦርሸው እንደ ነበረ ግን መጽሐፉ አልነገረንም። እኔም የምጠረጥረው፣ ንግሥተ ሳባ ይዛቸው ከሄደችው ደንገጡሮች መካከል አንዲቱ ሳትመለስ እዚያው እንደ ቀረች ነው።

አሁን ወደ ድሎቱ እንግባ። የሊባኖስ ቤት ዐቅም ካለው ሁለት የመቀመጫ ክፍል አለው፤ አንዱ የቤቱ ሰዎች ቴሌቪዥን እያዩ፣ እግራቸውን አጣጥፈው የሚውሉበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳሎን ተብሎ ለእንግዳ የተለየ፣ መጋረጃው የወረደ፣ በሩ የተገጠመ፣ በበዓል፣ በለቅሶና ልጅ በሚታጭበት ቀን ካልሆነ በቀር የማይደፈር ነው። የከፋይ ሶፋው መንበር በዚህ በሁለተኛው ነው። እንግዳው «ተፈደሉ» እየተባለ ይገባና ወደ መካከሉ ሲጠቆም ወደ ጫፉ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ለግርማ ሲባል ወደ ኋላ ጥልቅ ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ጀርባውን አስደግፋለሁ ቢል እግሩ ከመሬት ተነሥቶ ይንጠለጠላል፤ እግሩን ላሳርፍ ቢል ደግሞ ጀርባው ያለ ድጋፍ ይቀራል። ከዚህ በላይ በነሐሴ ወር የባሕሩ ወበቅ ሲያይል ከፋይ ከልብስ ጋራ ይጣበቃል፤ አዝራሩም በትከሻና በትከሻ መካከል ገብቶ መኖሩን ያስታውቃል። እንግዳው ግን በግራ እጁ የቡናውን ሳሕን፣ በቀኝ እጁ ሲኒውን ይዞ፣ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ የሚመጣውን እያሰበ «ምንኛ ይመቻል!» ይላል፤ የቤቱ እመቤትም በደስታ ታመሰግነዋለች። እርስዋ ራስዋ እንግዳው እንደ ወጣ ጫማዋን አውልቃ የምትጋደመው በወዲያኛው ክፍል ባለው፣ ክንዱ በተላጠ፣ መካከሉ በተሰረጐደ አሮጌ ሶፋ ላይ ነው፤ ስለ ድሎት የሚሰጠው እውነተኛ ምስክርነት ይህ ይመስለኛል።

በዚህ ነገር ሊባኖሶችን ብቻ መውቀስ ደግሞ አይገባም። በአዲስ አበባ ከቡፌ መስተዋት ውስጥ ወጥቶ የማያውቅ ብርጭቆ፣ ከነላስቲኩ ያረጀ ሶፋ፣ በዳንቴል ላይ ዳንቴል የተደረበበት ወንበር ያላየ ሰው ካለ እርሱ ድንጋይ ይወርውር። እንዲያውም ለከፋይ ያለን አክብሮት ከእነርሱ የጠለቀ ነው፤ በገጠር ያደገ ሰው ከፋይን የሚያውቀው በጥምቀት ቀን ታቦት በሚጋረድበት ጥላና በካህናት ካባ ላይ ነውና፣ ሰው ይቀመጥበታል ብሎ አያስብም። አንዲት የደሴ ልጅ እንደ ነገረችኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሳሎኑ ስትገባ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረውን ወይን ጠጅ ከፋይ ባየች ጊዜ ጫማዋን ማውለቅ ቃጥቷት ነበር።

የአያያዙን ነገር ያስተማረችኝ ይህችው ሴት ናት፤ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ አሁን ከማዳሟ ቤት ወጥታ፣ በቡርጅ ሐሙድ ከሁለት ጓደኞቿ ጋራ ክፍል ተከራይታ፣ በየቤቱ እየዞረች በሰዓት የምትሠራ ናት። የእርስዋ ትምህርት የሚጀምረው ከጠጉሩ ነው። ከፋይ ሲሸመን ሁለት ጨርቅ ፊት ለፊት ሆኖ አብሮ ይሸመንና በመካከላቸው የሚመላለሰው ክር በስለት ይቈረጣል፤ የተቈረጠው ጫፍ ቆሞ ጠጉር ይሆናል፤ ጠጉሩም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እጅ በዝንባሌው ሲሄድበት ቀለሙ ይፈካል፤ በተቃራኒው ሲሄድበት ይጠቍራል። ከዚህ የተነሣ የነካውን እጅ ሁሉ ይመዘግባል፤ ጣት ቢያርፍበት ጣት፣ ክንድ ቢያርፍበት ክንድ ይታተምበታል፤ ስለ ሌላውማ ምን እላለሁ፣ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ምን ያህል ወርድ እንዳለው እንኳ ተጽፎ ይቀራል።

«ቆዳ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ከፋይ ግን ይመሰክራል፣ ጋሼ» አለችኝ። ሰዎቹ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል፣ ወገቧ የደከማት ልጅ እስቲ ለአንድ አፍታ ልሞክረው ብላ ብትቀመጥበት፣ ስትነሣ ሁለት ጨረቃ ጎን ለጎን ታትሞ ይቀራል፤ ስለዚህ የተቀመጠችበትን ብቻ ሳይሆን፣ አዲስ የተቦረሸው ከአሮጌው እንዳይለይ፣ ሙሉውን ሶፋ ከላይ ወደ ታች እንደገና መቦረሽ ይኖርባታል። የአንድ አፍታ ዕረፍት የአንድ ሰዓት ሥራ ያስከትላል ማለት ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ከክልሉ ውጭ አድርጎ ተዋት፤ በ2009 የወጣው የውል ሰነድ ደግሞ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባታል ይላል፤ ዕረፍቱ በምን ላይ ተቀምጣ እንደሚፈጸም ግን ዝርዝር አላወጣለትም።

ከጠጉሩ ቀጥሎ የሚመጣው የአዝራሩ ጉድጓድ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ጨዋታ ያለ ቢዝር አይደምቅም፤ የዱባና የሱፍ ፍሬ እየተፈለቀ ሲበላ ቅርፊቱ በሳሕን እንዲወድቅ ቢታሰብም፣ ወሬው ሲጥም ሳሕኑ ይረሳል፤ ከሳሕን የተረፈው ሁሉ መጨረሻው የአዝራር ጉድጓድ ነው። ከዚያ ውስጥ የቢዝር ቅርፊት፣ የጠጉር መርፌ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የአርጊሌ (የሺሻ) ከሰል ፍንጣሪና የድሮ ሳንቲም ይወጣል፤ ሳንቲሙንማ እመቤቶቹ የልጅቱን ታማኝነት ለመመርመር ራሳቸው የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ እየተባለ ይወራል። ቫኪዩም አይገባበትም፤ አፉ ሰፊ ነው። ቢገባበትስ ኤሌክትሪኩ የታለ? የመንግሥቱ መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቅ ብሎ ሲጠፋ፣ ቤተ ሰቡ ከሰፈሩ ጀነሬተር በኢሽቲራክ (በወርሃዊ ክፍያ) የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ 5 አምፔር ነው፤ ይህም በ220 ቮልት ሲባዛ 1,100 ዋት ይሆናል፤ 2,000 ዋት የሚጠይቀው ቫኪዩም ገና ሲያጉረመርም ብሬከሩ ይወድቅና ሕንፃው ውስጥ ያለው ያ ቤት ብቻ ይጨልማል። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ የሚሠራው ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀጭን ቀለም መቀቢያ ብሩሽና የእጅ ጣት ነው፤ ጣቱም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አዝራሩን ይዞራል።

ውሃስ? ውሃ ዋናው ጠላት ነው። የቤይሩት ጕድጓዶች ከመጠን በላይ ስለ ተቀዱ የባሕር ውሃ ሰርጎባቸዋል፤ ከቧንቧ የሚወርደውና በቦቴ የሚመጣው ውሃ በብዙ ሰፈር ጨው ጨው ይላል፤ ከፋይ ላይ የፈሰሰ ቡና በዚህ ውሃ ቢታሸ ቡናው ይለቅና ዙሪያው ነጭ ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል፤ እድፉ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ነገሩን የምታውቅ ሴት ለካውያና ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ገዝታ፣ ጨርቁን ሳትነካው ከላዩ በእንፋሎት ትተነፍስበታለች፤ የተጨፈለቀው ጠጉር በእንፋሎቱ ሲነቃ በብሩሽ ታቆመዋለች። ካውያ ያሳረፈበት ሰው ግን ነገሩ አልቆለታል፤ የተኰሰው ጠጉር ዳግመኛ አይነሣም። የሐር ከፋይ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱም ቢሆን ያሰጋል። ከጥጥ የተሠራው ቶሎ ይተኛል፤ ከፖሊስተር የተሠራው ክብር ባይኖረውም ጽናት አለው፤ እርስዋም ለክብሩ ብዙም አትጨነቅም።

በኦገስት 4 ቀን 2020 በወደቡ ተከማችቶ የነበረው 2,750 ቶን የአሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በሞተ ጊዜ፣ የከተማው መስተዋት ሁሉ ረግፎ ወደ ሳሎኖቹ ገባ። ወለሉ ተጠረገ፤ መጋረጃው ተራገፈ፤ በአዝራር ጉድጓድ የገባው ስብርባሪ ግን ቀረ። ከወራት በኋላ የደሴዋ ልጅ ለጽዳት በገባችበት አንድ የአሽራፊዬ ቤት ጣቷን ወደ ጉድጓዱ ሰድዳ በደም አወጣችው። ከዚያ ወዲህ የማታውቀውን ሶፋ መጀመሪያ በእጅ ባትሪ አብርታ ሳታይ አትነካም።

ሁለቱ ምስክርነቶች በአንድ ችሎት ሲገናኙ ያየሁት ይህችው ሴት የራስዋን ሶፋ ልትገዛ በተነሣች ጊዜ ነው። አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተቸንክሮ ለብዙ ዓመት የኖረው ገንዘብ ከ2019 ጀምሮ እየወረደ ሄዶ ወደ 89,500 ሲደርስ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ዕቃውን እየሸጠ ወደ ውጭ አገር ተሰድዶ ነበርና፣ በፉርን ኤል ሹባክ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ሳሎናቸውን በ«ፍሬሽ» (በጥሬ) ዶላር እየቸረቸሩ መሆናቸውን ሰማች። እኔንም በዕድሜዬ ታከብረኝ ዘንድ ወይም ዕቃ በመሸከም እረዳት ዘንድ፣ የትኛው እንደ ሆነ ሳይገለጥልኝ፣ ይዛኝ ሄደች።

እኔ የዳኝነቴን ያህል ተቀመጥሁበት፤ ተደገፍሁ፤ ትንሽ ነጠርሁ፤ ሞላው አልጮኸም፤ «ይመቻል» ብዬ ፈረድሁ። ፍርዴን የሰማ አልነበረም። ልጅቱ ሶፋውን ወደ ፊት ደፍታ ከሥሩ የተወጠረውን ጨርቅ ተመለከተች፤ በጥፍሯ መታ አድርጋ የጣውላውን ድምፅ አዳመጠች፤ አፍንጫዋን ወደ ጀርባው አስጠግታ አሸተተች፤ ከየመስመሩ አንድ አንድ አዝራር ይዛ በቀስታ ሳበች፤ ነጭ መሐረብ በምራቋ አርሳ በማይታየው በኩል አሸችና ቀለሙ ይለቅ እንደ ሆነ መረመረች፤ በመጨረሻም መዳፏን ሙሉ አሳርፋ ተጭና አነሣችና፣ የእጇ ምስል በስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ቆማ ጠበቀች። ወይዘሮዋ በዚህ ሁሉ ጊዜ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆይተው፣ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ መስሏቸው፣ «በላዩ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም» አሉ።

«የፈራሁት እሱን ነው» አለቻቸው በዐረብኛ። ሳሎኑ ተዘግቶ ስለ ኖረ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከጀርባው ሻጋታ ጀምሮት ነበር፤ በሁለተኛው መስመር ያሉት ሦስት አዝራሮችም ክራቸው አልቆ በዕድል የተንጠለጠሉ ነበሩ። ይህን ሁሉ ቈጥራ ባስረዳች ጊዜ ወይዘሮዋ ተገረሙ፤ በቤታቸው የኖረውን ዕቃ ነገረ ሥራ የሰሙት ያን ቀን ይመስለኛል። ዋጋው በግማሽ ወረደ፤ ወይዘሮዋም፣ ሳይደግስ አይጣላ እንዲሉ፣ አንድ ትራስ መረቁላት።

ማጓጓዙ ራሱን የቻለ መከራ ነው። በቤይሩት ሊፍት በመብራት ምክንያት ስለማይታመን ዕቃ የሚወጣው በመኪና ላይ በተተከለ መሰላል በበረንዳ በኩል ነው፤ ቡርጅ ሐሙድ ግን ከሞት ያመለጡ አርመኖች የቈረቈሯት፣ ጐዳናዋ የጠበበ፣ ሰማይዋ በኤሌክትሪክ ሽቦ የተሸመነ ሰፈር ስለ ሆነች መሰላል ቀና የሚልበት ስፍራ የላትም። በደረጃ ወጣ፤ በሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተወትፎ የአንድ አርመናዊ ጎረቤት በር ዘጋ፤ ጎረቤቱም ሽማግሌ ጨርቅ አልባሽ ነበሩና መፍቻ ይዘው ወጥተው እግሮቹን ፈቱለት፤ የላሉትንም አዝራሮች በረጅም መርፌ ወግተው አጠበቁና ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ቡና ተጠርተን ሄድን። ጉዝጓዙ ተጐዝጕዟል፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ ሶፋው በግድግዳው በኩል ግርማ ሞገሱን እንደ ለበሰ ነጭ አንሶላ ተጎናጽፎ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ በበርጩማ ላይ ነው። ከዶራ ሰፈር የመጣች አንዲት እንግዳ ደክሟት ወደ ሶፋው አዘንብላ ልትቀመጥ ስትል፣ «አንቺ! በርጩማ አለልሽ፣ እህቴ» የሚል ድምፅ ከጀበናው ወዲያ መጣ። ልጅቱ ለካስ ደንብ አውጥታ ኖሯል፦ በቡና ጊዜ አይቀመጡበትም፣ ጭስ አለና፤ በምግብ ጊዜ አይቀመጡበትም፣ ወጥ አለና፤ ጂንስ የለበሰ አይቀመጥበትም፣ ቀለሙ ይለቃልና፤ በገናና በፋሲካ፣ ልብስ ከተመረመረ በኋላ ይቻላል። ለእኔ በሽምግልናዬ ነጠላ ተነጥፎልኝ ተፈቀደልኝ፤ እኔም ከበርጩማው እንደማይበልጥ ለራሴ አረጋገጥሁ።

ሆኖም ገንዘቡን ሦስቱም እኩል አዋጥተዋልና ሁለቱ ጓደኞቿ በዝምታ አልተቀበሏትም። መቀመጡ ቢቀር መቦረሹ በማን ተራ ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ፤ አንደኛዋ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ከፋይ ስቦርሽ ከርሜ እሑድ የራሴን አልቦርሽም አለች፤ ሁለተኛዋ ጉልበቷን አሳየች፤ ባለደንቧም ደንብ ማውጣትና መቦረሽ የተለያየ ሹመት መሆኑን አስረዳች። በመጨረሻ አንደኛዋ፣ «እንግዲያስ በሰዓት የምትሠራ ሰው እንቅጠር» ብላ ሐሳብ ስታቀርብ ሁለቱ በአንድ ቃል «በስንት?» ሲሉ ጠየቁ፤ ሦስቱም ዋጋቸውን ተናገሩ፤ ዋጋቸው አንድ ሆኖ ስለ ተገኘና ማናቸውም ለሌላይቱ ቅናሽ ስለማያደርጉ፣ ጉዳዩ ለመጪው እሑድ ተቀጠረ።